አምላክ በማን ይቀናል?

እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ «ቀናተኛ» ማለት ቀና የሆነ ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር። ቀና ልብ ይባላል፣ ቀና መንገድ ይባላል፤ ነገረኛ ነገር የሚያበዛ ከሆነ፣ ቀናተኛም ቅንነት የሚያበዛ ነው ብዬ በራሴ ሰዋስው ወስኜ ጨርሻለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ዐሥርቱ ትእዛዛት ሲነበቡ፣ አምላክ ስለ ራሱ ቀናተኛ ነኝ የሚልበት ቦታ ላይ ስንደርስ ደስ ብሎኝ ጭንቅላቴን ከፍ ዝቅ አደርግ ነበር። ልክ ነዋ! እሱ ቀና ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ጉዱ የፈላው ጎንደር ፒያሳ ጨርቅ በሚሸጡት ጎረቤታችን፣ በሐጂ ሱቅ ውስጥ ነው። ሐጂ የዩኒፎርም ጨርቅ ሲለኩልኝ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ይጨምሩልኛል፤ እንዳድግበት። እንደሳቸው ያለ ደግ ሰው አላውቅም። አንድ ቀን ታዲያ ባለቤታቸውና ሁለት ገበያተኞች ቆመው ሳለ ምስጋናዬን ሰው ይስማልኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልሁ፦ «ሐጂ፣ አንቱ እኮ በጣም ቀናተኛ ሰው ነዎት!»

መቀሱ ጨርቁ መሀል ላይ ቆመ። ባለቤታቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ልጅቱ ከየት ሰማች? ማን ነገረሽ የኔ ቆንጆ?» ይላሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። ሐጂ ሳል ያዛቸው። እኔ ክንድ የተጨመረበትን ጨርቄን ታቅፌ ወደ ቤት በረርሁ። እናቴ፣ ሚስቱ ከሰው ጋር ባወራች ቁጥር የሚንጨረጨር ባል ቀናተኛ እንደሚባል አስረዳችኝ።

«ታዲያ እግዚአብሔርስ?» አልኋት።

«እሱን አባትሽን ጠይቂ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። አባቴን እስክጠይቅ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።

አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ትርጓሜ ማለት ለማያውቅ ሰው፣ መጀመሪያ የግእዙ ንባብ ይባላል፤ ቀጥሎ «አንድም» ተብሎ አንድ ፍቺ ይሰጣል፣ ደግሞ «አንድም» ተብሎ ሌላ፣ እንደገና «አንድም»። አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም፤ ሁሉም ተደርድረው ይቀመጣሉ። ጎንደር ውስጥ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም የኔታ ነው የምላቸው። «አባዬ» የምለው የምፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ አባዬ ካልሁ ወዲያው ይጠረጥራሉ።

እኔ ደግሞ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያላየሁትን አለ ብዬ አልጽፍም፣ ያየሁትንም የለም ብዬ አልጽፍም። ይህ ጠባይ ከሥራዬ ይምጣ ከአባቴ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ግን «መናፍቋ መጣች» እየተባለ ይቀለድብኛል። ስለት አይገባኝም፤ ስለ ሕልም ሲወራ ጣልቃ ገብቼ አበላሻለሁ። ቢሆንም እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ።

እጮኛ ነበረኝ። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ አዲ አርቃይ በኩል ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጎንደር ይወጣል። ሸጋ ልጅ፣ ድምፁ ለመዝሙር የተፈጠረ። ወድጄው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሽማግሌ ልኮ አባቴ እሺ ብለዋል፤ ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል፤ የምንጋባውም በቁርባን ነው። በቁርባን ከተጋቡ በኋላ መፋታት የሚባል ነገር የለም። ያ ነበር ያሳሰበኝ። በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ቢሆን እንዲህ ባልተጨነቅሁ።

የጨነቀኝ በስልኩ ምክንያት ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ በቪዲዮ ይደውልና «ካሜራውን አዙሪልኝ» ይላል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር! ናፍቄው ነው ብዬ ካሜራውን ማይክሮስኮፑ ላይ አዞራለሁ፣ የደም ናሙናዎቹ ላይ አዞራለሁ፣ መስኮቱ ላይ አዞራለሁ። አንድ ቀን ግን «ቆይ፣ ቆይ፣ መልሺው፤ ያ ክንድ የማነው?» አለኝ። ክንዱ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው የክፍል ኃላፊያችን ክንድ ነበር። ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የጠፋ ቀን እፎይ ማለት ጀመርሁ። ከተማው በሙሉ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኔ እፎይ! ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ተጣላንና እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «አምላክም ቀናተኛ ነኝ ብሏል። የማይወድ አይቀናም። የኔን ቅናት ከጠላሽ የእሱንም ጠልተሻል።»

ደሜ ፈላ። ጓንቴን አውልቄ ወረወርሁት። የተናደድሁት ግን በእሱ ብቻ አልነበረም፤ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ሥራ እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ አባቴ ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን ከነፍሁ። ቅዳሴ ወጥቷል፤ አባቴ እንደ ልማዳቸው ከጽዱ ዛፍ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ዝንብ በጭራ ያባርራሉ።

«አባዬ» አልኋቸው።

«ምን ፈለግሽ?»

«እግዚአብሔር በማን ነው የሚቀናው?»

ጭራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ንባቡን በይ» አሉኝ። ንባብ ሳይባል ወደ ፍቺ አይገባም። ባለችኝ ግእዝ ተንተባተብሁ፤ ሁለት ጊዜ አረሙኝ፤ «ቀናኢ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«አንድም» አሉ፣ «ቅናቱ መቆርቆር ነው፤ ለሕዝቡ ይቆረቆራል ማለት ነው። አንድም፣ ክብሩን ለጣዖት አሳልፎ አይሰጥም ማለት ነው። አንድም፣ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ካልነገሩት ስለማይሰማ፣ ከሰው ጠባይ ቃል ተዋሰ ማለት ነው።»

እኔ ደግሞ እንዴት እንደ ደፈርሁ አላውቅም፤ ባጃጅ ውስጥ የፈላው ደም ገና አልበረደም ነበር። «የኔታ፣ መጽሐፉ ራሱ ጣዖት ግንድ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ አያይም አይሰማም ይላል አይደል? በግንድ የሚቀና ባል አይተው ያውቃሉ? ባላንጣ የለኝም ያለ ጌታ በምን ይቀናል?»

ቀጠልሁ። «መቆርቆር ከሆነስ መቆርቆር አይልም ነበር? ግእዝ ቃል አጠረው? ደግሞ እዚያው ቀጥሎ የአባትን ኃጢአት እስከ ልጅ ልጅ እከፍላለሁ ይላል። እኛ ላብራቶሪ የአባትየውን ደም መርምረን በልጁ ስም ውጤት ብንጽፍ በነጋታው እንባረራለን!»

አባቴ ቀስ ብለው ዞር አሉና የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ብርሃን ነው፤ ምራቃቸውን እንትፍ እንትፍ አሉብኝ። «ወግጂ ከዚህ!» አሉ እየሳቁ። «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ ወንበር ትተክዪ ነበር።»

«ሴት ሆኜስ መምህር እንዳልሆን ማን ይከለክለኛል?»

«እኔ!» አሉና ይበልጥ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ይህቺን ቂም ይዤባቸዋለሁ። «ነገ ነይ» አሉኝ።

ነገም ሄድሁ። ከነገ ወዲያም ሄድሁ። እንዴት ያለ ሰሞን ነበር! ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ወባ እየፈለግሁ በልቤ ለየኔታ የማቀርበውን ጥያቄ አሰናዳለሁ። ምሳ አልበላም፤ የጾሙ ሰዓት ሳይታወቀኝ ያልፍልኛል። አባቴም ያድሩበታል መሰል፣ ገና ከባጃጅ ሳልወርድ ከሩቅ «አንድም!» ብለው ይቀበሉኛል። ስለምን እንደ ጠየቅኋቸው አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ክርክሩ ራሱ አጠገበን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን እንደዚያ ሰሞን ተጫውተን አናውቅም።

በመጨረሻ እሑድ ዕለት እቤት ቁጭ ብለን ሳለ ድል ነሱኝ። እናቴ ከመስኮቱ ሥር ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። አባቴ በቀስታ፣ ያለ አንድም፣ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ባላንጣው ግንዱ አይደለም። ሰው ነጻ ሆኖ ተፈጥሯል፤ መሄድ ይችላል። የማይቀና አምላክ ቢሆን ኖሮ፣ ብትሄጂም ብትቀሪም ግድ የሌለው አምላክ ነበር። ቀናሁ ማለቱ፣ መሄድሽ ያመኛል ማለቱ ነው። ሁሉን ቻይ ሆኖ ሳለ ያመኛል አለ። ከዚህ የበለጠ ትሕትና አለ?»

እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፤ ውብ ሆኖ ታየኝ። ያ ሁሉ ጥርጣሬዬ ባዶ እጁን ቀረ። ይህ እውነት ከሆነ ያ «ክንዱ የማነው» ያለኝ ልጅም መሄዴ ስላመመው ነው፤ እኔ ልበ ደረቋ ነኝ ያልገባኝ። ስልኬን አወጣሁና «ገባኝ፤ ይቅርታ» ብዬ ጻፍሁለት። መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።

«የኔታ» አለች እናቴ ከምስሩ ቀና ሳትል።

«አቤት።»

«እኔ ብቻዬን እንፍራንዝ የሄድሁት መቼ ነው?»

እንፍራንዝ የእናቴ ታላቅ እኅት ትኖራለች። ከጎንደር በመኪና ሩቅ አይደለም። አባቴ ግራ የተጋቡ መሰሉ። «ምነው፣ ባለፈው ለቅሶ ሄደን አልነበረም?» አሉ።

«ለቅሶማ ከአንቱ ጋር ሄጄ ከአንቱ ጋር እመለሳለሁ። ብቻዬን ነው ያልሁት። እኅቴ ዘንድ አድሬ፣ ስቄ ተጫውቼ።» ጠጠር አንሥታ ወደ ጎን ጣለች። «ይህቺ ልጅ ጡት ሳትተው፣ እዚያ ሠርግ ላይ ጨፈርሁ። አንድ ሰው ትከሻዬን አይቶ እሰይ አለ። ከዚያ ወዲህ አልሄድሁም። አትሂጂ ብለውኝ አያውቁም፤ እግዜር ያያል፣ አንድ ቀን አላሉኝም። ግን ልሄድ ነጠላዬን ባነሣሁ ቁጥር ሆድዎን ያምዎታል።»

የአባቴ ሆድ! የቤታችን የታወቀ በሽታ ነው። የአባቴን የሆድ ቁርጠት ሳስታምም ነው ያደግሁት። ሥራ በያዝሁ ዓመት ሦስት ጊዜ ናሙና ወስጄ በራሴ እጅ መርምሬዋለሁ፤ አሜባ የለም፣ ጃርዲያ የለም፣ ትል የለም። መሣሪያው ቢደክም ነው ብዬ ለሌላ ሆስፒታል ሁሉ ልኬአለሁ። ለካ ምንም የለም ብዬ የጻፍሁት ልክ ነበር!

«የእግዜርን ቅናት እናንተ ተከራከሩበት» አለች እናቴ። «እኔ አልተማርሁም። የአንቱን ግን አውቀዋለሁ። ሲያምዎት ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ላብዎን እያበስሁ አይቻለሁ። ከልብዎ ነው የሚያምዎት። ታዲያ ያመመዎት አንቱ፣ የቀረሁት እኔ።»

አባቴን አየኋቸው። አንድም ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ለየትኛውም ቃል ሦስት ፍቺ የማያጡ ሰው ናቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መላጣቸው ላይ ላብ አለ።

«ለዚህ ትርጓሜ የለኝም» አሉ። «ንባቡ ነው።»

ደነገጥሁ፣ አዘንሁላቸው፣ ግን ልቤ ደግሞ በደስታ ዘለለ። ስንት ስላይድ ገልብጬ አልገኝ ያለኝን ነገር በመጨረሻ በመነጽሩ ሥር እንዳገኘሁት ሆንሁ። እኛ ሰሞኑን ሁሉ የተከራከርነው ስለ ቀናተኛው ነው፤ ምን አስቦ ቀና፣ ምን ያህል ወዶ ቀና፣ እንዴት አመመው። የሚቀናባትን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅናትም። ያን ቃል ስለ አምላክ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሚስት ነበረችው ይሆናል። የራሱ ቅናት ፍቅር መስሎት ለፈጣሪው አለበሰው፤ እሷን ግን እንዴት ነው ብሎ የጠየቃት የለም። ይህን ስል አምላክ የለም ማለቴ አይደለም። ሰዎች ባል አድርገው ሣሉት፣ በዚያ ላይ ቀናተኛ ባል፤ ያንን ሥዕል ነው የማላምነው። የእሱ ቅናት ከእኛው ፈጽሞ የተለየ ከሆነም ቃሉን ለባሎች አያውሱብን። ዛሬም ያን ቦታ ሲያነቡት ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ራሴን ከፍ ዝቅ አላደርግም።

የጻፍሁትን መልእክት ሳልልክ አጠፋሁት።

ቅዳሜ እጮኛዬ ከአዲ አርቃይ መጣ። ፒያሳ ካፌ ውስጥ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያየን ቦታ ተቀመጥን። አላንዛዛሁትም፤ በቁርባን ላገባህ አልችልም፣ በሌላም መንገድ አልችልም አልሁት።

«ማነው?» አለኝ።

«ማን?»

«ሰውየው።»

«ማንም የለም።»

«ማን እንደሆነ ንገሪኝና ይውጣልኝ» አለ። ሊለምነኝ ምንም አልቀረው። ዓይኑ አስተናጋጁ ላይ፣ ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዙት ሽማግሌ ላይ፣ በር ላይ የቆመው ባጃጅ ነጂ ላይ ዞረ። አንድ ሰው ቢኖር በቀለለው ነበር። እኔ ከአባቴ ጋር ያን ያህል ባላንጣው ማነው እያልሁ ስጮህ፣ መልሱ ፊቴ ተቀምጦ የሌለ ሰው ይፈልጋል። አንጀቴን በላው። ግን አልተመለስሁም።

ከካፌው እያለቀስሁ ወጣሁ። የነገሥታቱን ግቢ ግንብ ይዤ ቁልቁል ስወርድ ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው፤ ቪዲዮ። አላነሣሁትም። ከዚያ እርምጃዬ ፈጠነ፤ ሳላስበው እሮጥ ጀመር፤ በሠላሳ ዓመት አፋፍ ላይ ያለች ሴትዮ በሥራ ጫማ ስትሮጥ ያየ ባጃጅ ነጂ «እህቴ፣ የት ላድርስሽ?» አለኝ። የትም! በእግሬ ነኝ! እንባዬ ሳይደርቅ እየሳቅሁ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ቃል የሰጡት አባቴ ናቸው፤ ቃል ሲመለስ ደግሞ ምክንያት ይጠየቃል። ምክንያት ካልተነገረ ሰው የራሱን ይፈጥራል፤ ነውር የሚለጠፈው በእኔ ላይ ነው፤ አለዚያም በልጁ። በሚቀጥለው ሐሙስ የልጁ ወገን ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው መደቡ ላይ ተደረደሩ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ስወጣ ጆሮዬ እዚያው ነው። አባቴ ምን ሊሉ ነው? ልጄ ታማለች ይሉ ይሆን? ልትመነኩስ ነው ይሉ ይሆን? አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«የኔታ» አሉ መሀል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ልጃችን ምን አጠፋ? ልጅቱስ ምን ሆነች? ይነገረንና ይቅርታም ከሆነ እንጠይቅ።»

«ልጄ ነውር የለባትም» አሉ አባቴ። «ልጃችሁም ነውር የለበትም። ጨዋ ልጅ ነው።»

«እኮ ታዲያ?»

«ቀናተኛ ነው።» ብርጭቆው እጄ ላይ ግሎ አቃጠለኝ። «እኔም ቀናተኛ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዴን ያመኛል እያልሁ ኖሬአለሁ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቀናተኛ ይበቃል።»

የየኔታን አፍ የሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው ለማብረድ ብለው «አየ የኔታ፣ ቅናትማ የፍቅር ነው እኮ፤ አምላክም ቢሆን…» ብለው ጀመሩ።

«እሱን ለእሱ ተዉለት» አሉ አባቴ።

እልል ማለት ፈልጌ ከንፈሬን ነከስሁ። ሻዩ ተጠጣ፤ ነገሩ በሰላም ተዘጋ፤ ማንም በማንም ላይ ነውር አልለጠፈም። ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ መሀለኛው ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና «የቤቱ እመቤትስ ምነው ሳትታይ?» አሉ።

«እንፍራንዝ ናት፣ እኅቷ ዘንድ።»

«አሃ፣ ሸጋ ነው። መቼ ትመለሳለች?»

አባቴ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው አነሡት።

«አልጠየቅኋትም» አሉ።